ስለ ዩኒቨርሲቲዎች ልውውጥና ስለ ብራና መጻሕፍት ካታሎግ፤ ከአሸተን ማርያም በኩል የቀረበ ሒስ

በልዩ ልዩ አገር የሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች የትምህርትና የባህል ልውውጥ ሲዋዋሉ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው የሄዱት ተማሪዎችና የመጡት መምህራን ቍጥር ነው። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልውውጥን የምንመዝነው ግን በአንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ካታሎጋቸው በአሥር ቅጽ የታተመበት ሥራ ነው። ሚዛናችንንም የምናቆመው በንባብ አዳራሻችን ሳይሆን በላስታዋ አሸተን ማርያም ደጃፍ ነው፤ ምክንያቱም መጻሕፍቱ የሚኖሩት እንደ እርሷ ባሉ ደብሮች ስለ ሆነ ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሥራው የተጀመረው በ1973 ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ቤተ ክርስቲያኗ፣ ከአሜሪካ በኩል የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲና በኮሌጅቪል፣ ሚኒሶታ የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ የብራና ቤተ መጻሕፍት ዋነኞቹ ተዋዋዮች ነበሩ። በጠቅላላው ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት ተነሥተው የፊልሙ አንድ ቅጂ በአዲስ አበባ፣ ሌላው በኮሌጅቪል ተቀመጠ። ብራናው ለባለቤቱ ቀረ። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት መጻሕፍት ለንደን ገብተው መቅረታቸውን ለምናስታውስ ሰዎች ይህ ሥርዐት ትልቅ ነገር ነው፤ ሒሳችንም ይህን አይዘነጋም።

የካታሎጉ የመጀመሪያ ቅጽ በ1975፣ ዐሥረኛው በ1993 ታተመ። የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ያዘጋጁት አሜሪካዊው ዊሊያም ማኮምበር ሲሆኑ አጻጻፋቸው ቍጥብ ነው፤ የመጽሐፉን ስም፣ ልኩንና ዘመኑን ነግረው ያልፋሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከገቡበት በኋላ ግን ካታሎጉ ሌላ መልክ ያዘ። በኅዳግ ላይ የተጻፈው የርስት ማስታወሻ፣ የባለ መጽሐፉ ስም፣ በሌላ ቦታ የማይገኝ ድርሳን፣ ይህ ሁሉ ከነግዕዙ ተቀድቶ ይገኛል። እንዲህ ያለውን የሚለየው በግዕዙ ውስጥ ያደገ ሰው ነው። እኛ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያለፍን፣ ግዕዝን ከዳዊት ሳይሆን ከዲልማን ሰዋስው የጀመርን ተማሪዎች ልዩነቱን ቅጾቹን ጎን ለጎን ዘርግተን ስናነብ በግልጽ አይተነዋል።

ነገር ግን ፕሮፌሰሩ ኮሌጅቪል እንዴት ደረሱ? በሸንኮራ ተወልደው፣ በካይሮ ተምረው፣ በ1962 በጀርመን አገር በቲዩቢንገን ዶክትሬት ተቀብለው በአዲስ አበባ ያስተምሩ ነበር። በ1975 ወታደሮች ቤታቸውን ከበው በተኰሱት ጥይት ቈስለው እግራቸው ሽባ ሆነ፤ ከዚህም የተነሣ በስደት ወጥተው እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ በዚያው በሰው አገር ኖሩ። ስለዚህ የዚህ ልውውጥ ምርጡ ፍሬ በውሉ ታስቦ የተገኘ አይደለም፤ መከራ ያመጣው ነው። ሊቅን ጥይት እስኪያሰድደው የሚጠብቅ ውል ጥሩ ውል ነው ብለን ለመጻፍ ብዕራችን አይታዘዝም።

ዐሥሩ ቅጾች የሚዘረዝሩት ከቍጥር 1 እስከ 5000 ያለውን ነው። ከሐይቅ እስጢፋኖስ የተነሣው፣ በ1280 ገደማ የተጻፈው የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ቍጥሩ 1832 ስለ ሆነ በታተመው ውስጥ አለ። የላሊበላው የቤተ መድኃኔ ዓለም ወንጌል ግን ቍጥሩ 6907 ነው፤ የታተመው ካታሎግ አይደርስበትም። የላስታን ታሪክ የሚያጠና ሰው ሁሉ የሚፈልገው መጽሐፍ ከመስመሩ ውጭ ቀረ ማለት ነው። ዛሬ የብዙዎቹ ምስል በኢንተርኔት ይታያል፤ መግለጫው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ታሪኩም እንዲሁ ነው። የታደሰ ታምራት መጽሐፍ በ1972 በእንግሊዝኛ፣ ስለ ዛጔ ነገሥታት የተጻፈው የማሪ ሎር ደራ መጽሐፍ በ2018 በፈረንሳይኛ ታተመ። ሁለቱም የሚደነቁ ናቸው፤ የላስታ ዲያቆን ግን አያነባቸውም።

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከ3,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ከዐለት የተፈለፈለች ናት፤ ትውፊቱ ለንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ይሰጣታል። እንግዳ በእግሩ ወይም በበቅሎ ዳገቱን ወጥቶ ሲደርስ ካህኑ መስቀሉንና ብራናውን አውጥቶ ሥዕሉን ገልጦ ያሳየዋል። እንግዳው ፎቶ አንሥቶ ይወርዳል። እኛን የሚያሳስበን ይህ ነው፤ የሊቃውንቱም ልውውጥ ከዚህ ጎብኚ ሥራ ምን ያህል ርቋል? ማንሣቱን ሁለቱም ያውቁበታል፤ ያነሡትን በባለቤቱ ቋንቋ አስነብቦ መመለስ ላይ ግን ሁለቱም ያው ናቸው።

ቀድሞ የተሻለ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። ዛሬ ወሎ በምንለው አገር የመካነ ሥላሴ ሰው የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ በ1649 በሮም ከሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ፤ በ1652ም ጎታ ድረስ ሄደው አስተማሩት። ያን ጊዜ የተሻገረው መጽሐፉ ብቻ አልነበረም፤ መምህሩም አብረው ተሻግረዋል። ሉዶልፍም ማን እንዳስተማረው በስም ጠርቶ ጽፏል፤ በ1691 በታተመው መጽሐፉ የመምህሩን ሥዕል አስገብቷል።

ፎቶው ዋስትና ነው፣ ይህስ አይበቃምን የሚሉን አሉ። በ2021 ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዋ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ ክርክሩ ምን ያህል ክብደት እንዳለው ሁላችንም አይተናል። እኛም ፊልሙ አይነሣ አላልንም። ይሁን እንጂ ዋስትናው የሚያድነው ፊደሉን ነው። ፊደሉን አንድምታውን አውቆ የሚተረጕመው የጉባኤ ቤት መምህር በፊልም አይነሣም፤ በውሉም ውስጥ ወንበር አልተሰጠውም።

ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎች ከእንግዲህ ስለ ብራና ሲዋዋሉ ከቍጥር 5001 ወዲያ ያለው ካታሎግ በአማርኛም እንዲዘጋጅ፣ የላስታ መጻሕፍት ምስል አንድ ቅጂ በወልድያ ዩኒቨርሲቲና በላሊበላ እንዲቀመጥ፣ በየዓመቱም አንድ የጉባኤ ቤት መምህር ከደመወዝ ጋር በኮሌጅቪልም ሆነ በሃምቡርግ ተጋባዥ መምህር ሆኖ እንዲሄድ በውሉ ይጻፍ። የመምህሩ ዲግሪ ይጠየቅ የሚል ቢኖር አባ ጎርጎርዮስ ጎታ ሲገቡ ምን ዲግሪ እንደ ነበራቸው አስቀድሞ ይንገረን።