ብቻውን ያልሄደው መንገደኛ

ወጣት አንባቢ ሆይ፤ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ከተማርነው ሰዎች መካከል፣ ጆን ቡንያን የሚባለው እንግሊዛዊ «ክርስቲያን» ስለ ተባለ መንገደኛ የጻፈውን መጽሐፍ የማያውቅ ጥቂት ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ፊተኛው ክፍል በ1678፣ ሁለተኛው ክፍል በ1684 ወጣ፤ በአማርኛም በ1892 በስዊስ አገር በቅዱስ ክሪሾና ታትሟል። እኔም በመምህርነቴ ዘመን ሁሉ ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ስተርክ ኖሬአለሁ። ዛሬ ስለ መጽሐፉ የምጽፈው ግን ለማመስገን ብቻ አይደለም፤ ያን ያህል ዘመን አሳስቼ እንዳስተማርሁት ስለ ገባኝ ነው።

ስሕተቴን የገለጠልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ልጁ በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ የስፌት መኪና እየጠገነ ይኖር ነበር። ፓርኩ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኗል፤ እኔ የምነግራችሁ ከዚያ ጥቂት ወራት አስቀድሞ የሆነውን ነው። በዚያ በጋ ወባ በከተማችን በርትቶ ነበር። ልጁም በመልካ ጀብዱ በተከራያት አንዲት ክፍል ሦስት ቀን በትኵሳት ተኛ። አብረውት የሚጸልዩት ወጣቶች እሑድ ቢያጡት ፈረቃ የገባ መሰላቸውና ጸልየው ተለያዩ። በአራተኛው ቀን ከሌሊት ሥራ የተመለሰች ጎረቤቱ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ የውኃ ጀሪካኑ ከደጅ ሳይነሣ መሰንበቱን አይታ በሩን አንኳኳች። እርሷ ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ የማኅበር ጓደኞቿም እንደየፈረቃቸው ተራ ገብተው አጥሚት እያፈሉ አስታመሙት።

እኔም ልጠይቀው ሄጄ፣ «ልጄ፣ ምነው ሰው ሳትጠራ?» አልሁት።

«ጋሼ፣ ክርስቲያን እኮ ብቻውን ነው የሄደው፤ እርስዎ አይደሉ ያስተማሩን?» አለኝ።

የምመልሰው ቃል አጣሁ። ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን እንደ ገና ከመጀመሪያው አነበብሁት።

እውነት ነው፤ ክርስቲያን ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ፣ የሚጠሩትን እንዳይሰማ ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ይሮጣል። እኔ በተማሪዎቼ ልብ የቀረጽሁት ይህን ሥዕል ነበር። ነገር ግን መንገዱ ከዚያ በኋላ የብቸኛ ሰው መንገድ አይደለም። ታማኝ የተባለው ጓደኛ አብሮት ይሄዳል፤ እርሱ በከንቱነት ገበያ ሲገደል ተስፈኛ ይተካል። ክርስቲያን በጥርጥር ግንብ ታስሮ ራሱን ሊያጠፋ ባሰበ ጊዜ የከለከለው ተስፈኛ ነው። በመጨረሻው ወንዝ ሊሰጥም ሲል ራሱን ከውኃው በላይ ደግፎ የያዘውም ይኸው ጓደኛ ነው። እንግዲህ ጓደኛ ባይኖር ያ ብርቱ መንገደኛ ከከተማይቱ ባልደረሰም ነበር።

ደግሞም ደራሲው ራሱ የፊተኛውን ክፍል ጉድለት ያወቀ ይመስለኛል። በሁለተኛው ክፍል ያች የተተወች ሚስት ከአራት ልጆቿና ምሕረት ከምትባል ወጣት ጋር ትነሣለች። በመንገድም በምርኵዝ የሚሄድ አንካሳና መንፈሰ ደካማ ሰው ይቀላቀላሉ። ደካማው «ከእናንተ እኩል መራመድ አልችልም» ብሎ ሲያፍር፣ መሪያቸው እንደሚጠብቁት ይነግረዋል። በእኔ አስተያየት ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ስፍራ ነው፤ ምክንያቱም የክርስቲያኖች ኅብረት የሚለካው በፈጣኑ ሳይሆን ወደ ኋላ በሚቀረው ሰው ነው።

በመጽሐፉ ላይ የምነቅፈው ነገር ቢኖር፣ መንገደኞቹ እንጀራቸውን በምን ሥራ እንደሚያገኙ እምብዛም አለመንገሩ ነው። ፈረቃ ያለበት ሰው ሁልጊዜ ለጸሎት ጉባኤ አይደርስም። ሆኖም ምሕረትን ተመልከቱ፤ ባረፉበት ቤት ተቀምጣ ለታረዙ ድሆች ልብስ ትሰፋለች። ሊያጫት የመጣው ሰው ትጋቷን ወድዶ ነበር፤ የምትሰፋው ለድሆች መሆኑን ሲሰማ ግን ትቷት ሄደ። ቡንያን የእጅ ሥራን ያውቅ ነበር፤ ድስት ጠጋኝ ነበርና። ስለ ስብከቱ 12 ዓመት በታሰረ ጊዜም የጫማ ማሰሪያ እየሠራ ቤተ ሰቡን ረድቷል።

ወጣቶች ሆይ፤ አብሮ መዘመርና አብሮ መጸለይ መልካም ነው፤ አልነቅፈውም። ነገር ግን የቀረውን ሰው በር የማያንኳኳ ጉባኤ ጆሮውን በጣቱ ከደፈነው መንገደኛ በምን ይሻላል? የታመመውን ጠይቁ፤ ለደከመው ውኃ ቅዱለት፤ የባልንጀራችሁን ፈረቃ እንደ ራሳችሁ ፈረቃ እወቁ። እናንተም በታመማችሁ ጊዜ ሰው መጥራትን የእምነት ማነስ አድርጋችሁ አትቍጠሩት፤ በራችሁን ዘግታችሁ ብትቀመጡ ወንድማችሁ ሊያገለግላችሁ የሚችልበትን መንገድ ትዘጉበታላችሁ።

ተማሪዬ ድኖ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም አሁን ይህን ታሪክ ለልጆች በምተርክበት ጊዜ፣ ጆሮውን ደፍኖ ከሮጠበት ሳይሆን፣ ጓደኛው ራሱን ደግፎ ከያዘበት ከወንዙ እጀምራለሁ።