በጥቂት ገንዘብ ስለሚሠሩ አጫጭር ፊልሞች

ሲኒማ ከኪነ ጥበባት ሁሉ ይልቅ ገንዘብ የሚበላ ጥበብ መሆኑ የታወቀ ነው። ባለቅኔው ብራናና ቀለም፥ ሠዓሊው ሸራና ቡርሽ ካገኘ ሥራውን ይጀምራል፤ ፊልም ሠሪው ግን ካሜራውን፥ መብራቱን፥ የድምፅ መቅጃውን፥ ተዋንያኑንና የነዚህን ሁሉ ቀለብ ሳያሰናዳ አንዲት ደቂቃ እንኳ ሊሠራ አይችልም ሲባል ኖሯል። ዛሬ የዚህ አባባል ግማሹ ፈርሷል። በጫግኒ ገበያ እህል ልትሸጥ የመጣች ልጅ በመቀነቷ የቋጠረችው ስልክ፥ በ1957 ዓ.ም. «ሂሩት አባቷ ማን ነው» የተባለው ፊልም ከተነሳበት ባለ 35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ይልቅ በቀለለ መንገድ ሥዕል ያነሳል፤ ያነሳውንም በዚያው ቅጽበት መልሶ ያሳያል። የቀረው ግማሽ ግን እንደ ቆመ ነው፤ እርሱም ምን ይነሳ፥ እንዴትስ ይነሳ የሚለው ጥያቄ ነው። ወጣቶቻችን በያሉበት አጫጭር ፊልም መሥራት በጀመሩበት በአሁኑ ጊዜ ይህን ጥያቄ ቸል ማለት የሚገባ ሆኖ ስላልታየን፥ ከተመለከትናቸው ፊልሞች ጥቂቶቹን እያነሳን ያለንን አስተያየት ለአንባቢ እናቀርባለን።

በውጭ አገር የአንድ ዐይነት ታሪክ አፍቃሪዎች በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰበሰቡባቸው ጉባኤዎች አሉ። ከነዚህ ይልቁንም የታወቀው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በሳን ዲዬጎ ከተማ የተጀመረው የሥዕላዊ ታሪክ ወዳጆች ጉባኤ ነው። በመጀመሪያው ዓመት በአንድ ሆቴል ውስጥ ሦስት መቶ ያህል ሰዎች ብቻ የተሰበሰቡበት ሲሆን፥ በኋላ ዘመን ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ የሚጎርፍበት ሆነ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ፊልማቸውን በሚያስተዋውቁበት በዚህ ዐይነቱ ጉባኤ ዳር፥ ሰዎች በግል ገንዘባቸው ለሠሯቸው አጫጭር ፊልሞች አንድ አዳራሽ ይለቀቃል፤ ውድድርም ይደረጋል። እዚያ የሚቀመጠው ተመልካች ቲኬት ቆርጦ የመጣ እንግዳ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ እርሱም ራሱ ነገ እንዲሁ ያለ ፊልም ለመሥራት የሚመኝ ሰው ነው። ስለዚህ የሠሪውን ድካም ያውቃል፤ ስለሚያውቅም ይምራል። ምሕረቱ ጀማሪውን ሲያበረታታ የምንደሰተውን ያህል፥ ጀማሪውን በጀማሪነቱ ሲያስቀረው እናዝናለን። በአገራችንም በአዲስ አበባ የሚደረጉት የፊልም በዓላት ይህ በጎነትና ይህ ጉዳት አለባቸው፤ ወዳጅ ለወዳጁ ሲያጨበጭብ ሥራውን የሚመዝን ሰው ይታጣል።

ድኻ ፊልም ድኽነቱን የሚሸከምበት መንገድ ብዙ ነው። አንደኛው መሳቅ ነው። «የከዋክብት ጦርነት» የተባለው እጅግ ብዙ ገንዘብ የወጣበት የአሜሪካ ፊልም በፈረንጆች 1977 ዓ.ም. በወጣ በዓመቱ፥ ኤርኒ ፎሲሊየስ የሚባል ሰው በ13 ደቂቃ የሚያልቅ ማፌዣ ሠራበት። የጠፈር መንኮራኩሮቹ የዳቦ መጥበሻና የልብስ ካውያ ነበሩ። ካውያው በገመድ ተንጠልጥሎ በጥቁር ሰማይ ላይ ሲበር ያየ ሰው፥ ኪሱ ባዶ መሆኑን አስቀድሞ የተናዘዘን ሠሪ ሊወቅስ አይችልም። ሁለተኛው መንገድ ከዚህ ይከብዳል። ፈረንሳዊው ክሪስ ማርከር በፈረንጆች 1962 ዓ.ም. በሠራው በ28 ደቂቃ ፊልም ከሦስተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኋላ ዘመን ስለሚላክ ሰው ይተርካል፤ ፊልሙ ከአንዲት ቅጽበት በቀር የተሠራው ከቆሙ ፎቶግራፎች ነው። ያች ቅጽበት አንዲት ሴት ተኝታ ሳለች ዐይኗን የምትገልጥበት ናት። ሥዕሉ ሁሉ የቆመ ስለሆነ ያ የዐይን መገለጥ እንደ ትንሣኤ ይሰማል። እዚህ ላይ ማጣት ራሱ የአነጋገር ስልት ሆነ እንላለን።

ወደ አፍሪካ ስንመለስ በካምፓላ ዳርቻ በዋካሊጋ መንደር ይስሐቅ ናብዋና የሚባሉት ዑጋንዳዊ የሠሩትን እናገኛለን። በፈረንጆች 2010 ዓ.ም. ያወጡት «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው» የተባለው ፊልም የወጣበት ገንዘብ ከሁለት መቶ ዶላር እንደማይበልጥ ይነገራል። የጦር መሣሪያው ከእንጨትና ከውዳቂ ብረት የተበጀ ነው፤ ተዋንያኑም የመንደሩ ሰዎች ናቸው። በዚያ አገር የቪዲዮ ቤቶች ልማድ አንድ ሰው በድምፅ ማጉያ እየቀለደ ፊልሙን ስለሚተረጉም፥ ዛሬ የምናየው ቅጂም ያ ቀልደኛ ከዳር እስከ ዳር የሚናገርበት ነው። ሌላው ቅጂ ጠፍቷል፤ ሠሪው ለሚቀጥለው ሥራ በኮምፒውተሩ ቦታ ለማግኘት ዋናውን ፊልም እንዳጠፉት ራሳቸው ተናግረዋል። የውጭ አገር አፍቃሪዎች ይህን ፊልም እያዩ በሳቅ ይፈርሳሉ። ሳቃቸው የአድናቆት ነው ወይስ የንቀት የሚለውን እኛ ለመለየት አልቻልንም፤ የዋካሊጋ ልጆች ግን ጨዋታውን የሚጫወቱት ለራሳቸው መንደር እንደ ሆነ ፊልሙ ራሱ ይመሰክራል።

ስለ አገራችን ስንናገር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማን ማንሳት ግድ ነው። እኒህ የጎንደር ተወላጅ በሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳሉ አጫጭር ፊልሞችን በመሥራት እጃቸውን አፍታተው፥ በ1966 ዓ.ም. በዕረፍት ጊዜያቸው ወደ አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ውስጥ አነሱ። ፊልሙ ባለ 16 ሚሊ ሜትር፥ ጥቁርና ነጭ፥ ተዋንያኑም የተዋናይነት ሙያ ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ጊዜው ዘውዱ ሊወድቅ የተቃረበበት ነበር፤ ስለዚህ ካሜራው ሊያልፍ የቆመን ሥርዓት ከመሞቱ አስቀድሞ ፊት ለፊት አየው ማለት ይቻላል። በ1968 ዓ.ም. መጨረሻ በስዊስ አገር በሎካርኖ በዓል ተሸለመ፤ ብዙ ዘመን ቆይቶም ቅጂው ታድሶ እንደ ገና ለሕዝብ ታየ።

በዚህ ፊልም ውስጥ ባለ ርስቱ ደጃፉ ላይ ወንበሩን አስቀምጦ ይውላል፤ ከዚያው ሆኖ ይጮኻል፥ ያዝዛል፥ ይሳደባል። ገበሬው ግን አይጮኽም። ያርሳል፤ ከብቱን ይነዳል፤ ጭሰኝነቱ የጣለበትን ሸክም ተሸክሞ መንገዱን ይሄዳል፤ ካሜራውም የሚሄደው በእርሱ እግር ልክ ነው። ለከተማ ተመልካች ይህ አካሄድ እጅግ ይረዝማል፤ ፊልሙም ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሆኖም በዓዊ ወይም በጎጃም ገጠር አድጎ፥ ከንጋት እስከ ምሽት በሬ ተከትሎ የዋለ ሰው ርዝመቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥረው አይመስለንም፤ የድካም ልክ ይኸው ነውና። ባለ ብዙ ገንዘብ አዘጋጅ ቢሆን ኖሮ በዚያ ቦታ ሙዚቃ፥ ፈረሰኛና ብዙ ሠራዊት ባፈሰሰበት ነበር። ፕሮፌሰር ኃይሌ የሚያፈሱት ስላልነበራቸው ጊዜን አፈሰሱ። የማንስማማበት ቦታም አለ፤ ከበደ ቃል የሚናገረው እብዱ ሰው አንዳንድ ጊዜ የራሱን ንግግር ትቶ ደራሲው በአፉ የሚሰብክበት ሰው ይሆናል፤ ሥዕሉ አስቀድሞ የነገረንን ቃሉ ሲደግመው የፊልሙ ኃይል ይቀንሳል።

ከዚህ ፈጽሞ የተለየውና በአማርኛ የተሠራው ሌላው ፊልም በስጳኛዊው ሚጌል ያንሶ አዘጋጅነት በኢትዮጵያ ምድር የተነሳውና በፈረንጆች 2015 ዓ.ም. የወጣው ነው፤ ስሙ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ፍርፋሪ» ማለት ይሆናል። ከአንድ ሰዓት ጥቂት የሚያልፍ ይህ ሥራ የአፍቃሪዎች ጉባኤ ከሚወድዳቸው የሳይንስ ልብ ወለዶች ወገን ነው። ዓለም ካለቀች በኋላ፥ በሰማይ ላይ አንዲት የዛገች መንኮራኩር ቆማ ሳለች፥ በዳንኤል ታደሰ የተተወነው ጋጋኖ በተተወ የቦውሊንግ ቤት ከወዳጁ ጋራ ይኖራል። የጠፋው ሥልጣኔ ትቶት ያለፈው የላስቲክ መጫወቻና የማይክል ጃክሰን ሸክላ እንደ ታቦት ይከበራል፤ የአሜሪካዊው የኳስ ተጫዋች የማይክል ጆርዳን ሥዕልም ይሰገድለታል። ይህ ሐሳብ ያሥቃል፤ ካሣቀ በኋላም ይቆረቁራል፤ እኛ ዛሬ ከውጭ በሚመጣ ርካሽ ዕቃ ላይ የምናሳየውን ፍቅር አንድ ሺህ ዓመት ወደ ፊት ወስዶ ያሳየናልና። አቶ ዳንኤልም ጀግና የሚባለው ሰው ረዥምና ደረተ ሰፊ መሆን አለበት የሚለውን ልማድ በአንዲት እርምጃ ያፈርሱታል፤ በዝምታቸው ውስጥ ፍርሃትም ትዕቢትም ይታያል።

ነገር ግን አንድ ቅር ያሰኘንን ነገር ሳንጠቅስ አናልፍም። የዓለምን ፍጻሜ ለማሳየት ካሜራው ወደ ዳሎል ይወርዳል። ቢጫውና ቀዩ ምድር በእውነቱ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ይመስላል፤ ለአዘጋጁም አንድ ሣንቲም ሳያወጣ የተገኘ ጌጥ ሆኖለታል። ይሁን እንጂ ለባዕድ ዐይን የዓለም መጨረሻ የመሰለው ያ አገር፥ ለአፋር ጨው ቆፋሪ የዕለት ሥራው ቦታ ነው፤ አባቶቻችን የተገበያዩበት አሞሌ የወጣው ከዚያው በረሃ ነው። ሰው የሚኖርበትን አገር ሰው እንደሌለበት አድርጎ ማሳየት ርካሽ ዘዴ ነው፤ ርካሽ ስንል የገንዘቡን ማለታችን አይደለም።

ከዚህ ጋራ የኬንያይቱን የዋኑሪ ካሂዩን «ፑምዚ» ማስተያየት ይጠቅማል። በፈረንጆች 2009 ዓ.ም. የተሠራው ይህ ፊልም 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው። ከውሃ ጦርነት በኋላ ሰዎች ከምድር በላይ መኖር ትተው በተዘጋ ከተማ ውስጥ ይኖራሉ፤ ላባቸውንና ሽንታቸውን አጣርተው ይጠጣሉ። አንዲት የቤተ መዘክር ሠራተኛ ሕይወት ያለበት አፈር በእጇ ስለገባ ዘር ይዛ ወደ በረሃው ትወጣለች። ታሪኩ ይኸው ነው። ተመልካች ያለ ብዙ ቃል የሚረዳው፥ ውሃ ለመቅዳት ሩቅ መንገድ የሄደ ሰው ሁሉ አስቀድሞ ስለሚያውቀው ነው። እንዲሁም በሐረር ያደጉት ጄሲካ በሽር በፈረንጆች 2017 ዓ.ም. ያሳዩት «ኸይራት» የተባለው እጅግ አጭር ፊልም በሌሊት ጅብ ስለሚቀልብ አንድ የሐረር ሰው ነው። ጎብኚ ሁሉ ፎቶግራፍ የሚያነሳውን ነገር አንስተው፥ ጎብኚ የማያየውን የሰውየውንና የአውሬውን ወዳጅነት በጥቁርና በነጭ አሳይተውናል። አጭር ፊልም ማለት የተቆረጠ ረዥም ፊልም አለመሆኑን ከነዚህ ሁለቱ መማር ይቻላል።

በየከተማችን የሚሠሩትን የወጣቶች ፊልሞች ስንመለከት ዋናው ሕመማቸው ሥዕሉ ሳይሆን ድምፁ ነው። ሥዕሉን ስልኩ ራሱ ያስተካክለዋል፤ ድምፁን ግን ነፋስ ይበላዋል፤ ያን ለመሸፈን ከሌላ ሰው ዘፈን የተቀዳ የኀዘን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይደረብበታል። ተዋናዩ አልቅሶ ሳይጨርስ ክራሩ ያለቅስለታል። አንድ ብርድ ልብስ በመስኮት ሰቅሎ በጸጥታ ቤት ውስጥ ቃሉን እንደ ገና መቅዳት ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ። ሁለተኛው ነገር የታሪኩ መበደር ነው፤ ባለ ሽጉጥና ባለ መኪና ታሪክ ሽጉጥም መኪናም በሌለበት ሲሠራ፥ እንደ ካውያው መንኮራኩር ደፍሮ ካልሳቀ በቀር ያሳፍራል። የፍቅር ድራማው ደግሞ ከአዲስ አበባ ቪላ ሳሎን ተቀድቶ ወደ ጫግኒ ሲመጣ የተከራየ ልብስ ይመስላል።

በእኛ በኩል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ፊልም ሊሠራው የማይችለውን ነገር አጭሩ ፊልም ሊሠራው እንደሚችል እናምናለን፤ ይኸውም አዊኛ መናገር ነው። ሚሊዮን ብር ያወጣ ነጋዴ ብሩን ለመመለስ ብዙ ተመልካች ይሻልና በአዊኛ ፊልም ለመሥራት አይደፍርም። የዐሥር ደቂቃ ፊልም ግን የማንም ዕዳ የለበትም፤ እናትየዋ ቤት ውስጥ በምትናገረው ቋንቋ ቢናገር፥ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ቢደረግለት የሚጎድልበት ነገር የለም። የአገው ፈረሰኞች በዓል ጥር 23 ቀን በመጣ ቁጥር ካሜራ ይበዛል፤ በራሪ ካሜራም ከላይ ይሽከረከራል። ከዚያ የሚወጣው ሥዕል ያማረ ቢሆንም ሁሉም አንድ ዐይነት ነው። ፈረሱ ከበዓሉ በፊት በነበሩት ወራት ምን በላ፥ ኮርቻውን ማን ጠገነው፥ ፈረሱን መሸጥ ግድ የሆነበት ሰው በዚያ ቀን የት ቆመ የሚለውን የሚጠይቅ ፊልም ለማየት እንናፍቃለን።

በ2013 ዓ.ም. ከመተከል የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ወገኖቻችን በከተማችን አጠገብ ራንች በተባለው ስፍራ በድንኳን ሲጠለሉ ካሜራ ወደዚያ መጥቶ ነበር። የመጣው ለዜና ስለሆነ የሚያለቅስ ፊት ፈልጎ፥ አግኝቶ ሄደ፤ የዜና ሥራው ይኸው ነውና አንወቅሰውም። ነገር ግን ሰው በድንኳን ውስጥ ዓመት ሙሉ አያለቅስም። ቡና ያፈላል፤ ልጅ ይድራል፤ ከጎረቤት ይጣላል፤ ትቶት የመጣውን የማሽላ ማሳ በቃሉ ይለካል። ይህን ለማየት ከዜና ካሜራ ይልቅ እዚያው የሚኖር፥ የማይቸኩል ሰው ይሻላል፤ ያ ሰው ስልክ አለው። ባለታሪኮቹ ፈቅደው፥ ፊታቸው እንዲታይ ወይም እንዳይታይ ራሳቸው መርጠው ቢሠራ፥ አብዛኛው የአዲስ አበባ አዘጋጅ ሊደርስበት የማይችል ሥራ በሆነ ነበር።

እንዲህ ያለ ፊልም የሠራ ወጣት ካለ ከስልኩ ውጭ ሁለተኛ ቅጂ ያኑር። የዋካሊጋው ሰው ኮምፒውተር እንደ ሞላ፥ ስልክም ይሞላል፤ የትምህርት ቤቶቻችን ቤተ መጻሕፍትም ከመጽሐፉ መደርደሪያ አጠገብ ለእንዲህ ያሉ ቅጂዎች አንድ ሣጥን ቢያዘጋጁ፥ ከሃያ ዓመት በኋላ ስለነዚህ ፊልሞች ሊጽፍ የሚነሳ ሰው የሚያየው ነገር ያገኛል።