ማይካ ላይ የተሣለችው የታሚል ሴት

በደቡብ ሕንድ፣ በካቬሪ ወንዝ ዳር ባለችው በቲሩቺራፓሊ፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ከወረቀት ሌላ በድንጋይ ላይም ይሥሉ ነበር። ድንጋዩ ማይካ ነው፤ በጥንቃቄ ሲሰነጠቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየሳሳ ይነሣል፤ ብርሃን ያሳልፋል።

ሥዕሎቹን የሚገዙት በአብዛኛው እንግሊዞች ነበሩ። የአገሬው ሰው በሥራና በወገን ተለይቶ፣ ብዙ ጊዜም ባልና ሚስት አብረው ተሥለው፣ በስብስብ ይሸጥላቸው ነበር። ሥዕሉ ቀላል ስለሆነ ወደ አገር ቤት ለመላክ ያመቻል። የተሣለችዋን ሴት ስም የጠየቀ የለም። ፊቷም ከጎረቤቷ ፊት ብዙ አይለይም፤ እዚህ ላይ ሠዓሊውን አላመሰግነውም። እንዲያውም በአንዳንዱ ስብስብ ፊት የሚሣለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በካርድ ላይ። ልብስና ጌጥ የተሣለባቸው፣ የፊታቸው ቦታ ባዶ የሆነ የማይካ ሉሆች በየተራ ሲደረቡበት ያው ፊት ሌላ ሰው ይሆናል።

ዓይኔን የሚይዘው ልብሱና ጌጡ ነው። ማይካ ቀለም አይመጥም። በሙጫ የተለወሰው ቀለም ላዩ ላይ ይቀመጣል እንጂ አይሰርግም፤ ስለዚህ ብሩሹ የነካው ሁሉ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ የሚያመነታ እጅ መደበቂያ የለውም። የሳሪዋን ጥለት ተመልከቱ፦ ከወገብ ወደ ትከሻ ሲወጣ ጨርቁ በታጠፈበት አብሮ ይሰበራል፣ ከእጥፋቱ ማዶ መስመሩን ሳይስት ይቀጥላል። ጨርቁን በእጁ ዳስሶ የማያውቅ ሰው እንዲህ አይሥልም።

ጌጡ ደግሞ ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። የታሚል ሴቶች አፍንጫቸውን በሁለቱም በኩል ያስጌጡ ነበር፤ የጆሮ ጫፋቸውም በከባድ ወርቅ እስኪረዝም ይወርድ ነበር። ቀለሙ ድፍን በመሆኑ መጀመሪያ ጠይሙ ቆዳ ይቀባል፣ ከደረቀ በኋላ ቢጫው ከላይ ይጣላል። የአፍንጫዋ ጌጥ እንግዲህ አንዲት ነጥብ ናት። ትንሽ ብትሰፋ ኪንታሮት ትመስል ነበር!

ቀለም የማይመጥ ድንጋይ ቀለም አጥብቆም አይዝም፤ ማይካው ሲጎብጥ ሥዕሉ ይላጣል። ለንደን በሚገኘው የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከእነዚህ ሥዕሎች የተረፉ አሉ። ካሜራ እየተስፋፋ ሲሄድ ገበያው ወደ ፎቶግራፍ ዞረ። ፎቶግራፉ የእያንዳንዷን ሴት ፊት በትክክል ያዘ፤ የጥለቷን ቀለም ግን ማሳየት አልቻለም።