ቤትና ዘመድ፤ በምሥራቅ ለንደን የቤተ ሰብ ጥናት ላይ የቀረበ ሒስ

ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት እ.ኤ.አ. በ1957 ያሳተሙት «ቤተ ሰብና ዝምድና በምሥራቅ ለንደን» የተባለው መጽሐፍ ስለ ከተማ ኑሮ ከተጻፉት ጥናቶች እጅግ ከተነበቡት አንዱ ነው። ይህም የሆነው መጽሐፉ ስለ ዝምድና ብቻ የሚናገር ሳይሆን፣ የከተማ ፕላን አውጪዎች ሥራቸውን እንዲመረምሩ የሚያስገድድ ጥያቄ ይዞ በመቅረቡ ነው። ጥያቄውም ሰውን ከአሮጌ ቤት አውጥተው በአዲስ ቤት ሲያኖሩት ከአሮጌው ቤት ጋር ምን ነገር አብሮ ይፈርሳል የሚል ነው።

ጥናቱ የተካሄደው ቤትናል ግሪን በተባለው የሠራተኞች ሰፈርና የለንደን አውራጃ ምክር ቤት በኤሴክስ ባሠራው አዲስ መንደር ነው። የመንደሩ ትክክለኛ ስም ዴብደን ሲሆን በመጽሐፉ ግን ግሪንሊ ተብሏል። በአሮጌው ሰፈር ያገባች ሴት ከእናቷ ቤት ብዙ ሳትርቅ ትኖራለች። ስትወልድ የምታርሳት፣ ልጇን የምትጠብቅላት፣ የሚከራይ ቤት ሲገኝም ለኪራይ ሰብሳቢው ስለ እርስዋ የምትናገርላት እናቷ ናት። ወደ ግሪንሊ ከተዛወሩ በኋላ ግን ሚስቶች ከዘመድ ጋር በሳምንት የሚገናኙበት ቍጥር ከ17 ገደማ ወደ 3 ወርዷል። አዲሱ ቤት ንጹሕና የአትክልት ቦታ ያለው ነው፤ ሆኖም በዚያ ጎረቤት ጎረቤቱን የሚመዝነው ባለው ዕቃ እንጂ በትውልዱ ወይም በጠባዩ አይደለም።

የጥናቱ ዋና ጥቅም ሰው ሁሉ የሚያውቀውን፣ ነገር ግን በመዝገብ ያልገባውን ነገር በቍጥር ማስረዳቱ ነው። የፕላን አውጪው መዝገብ ክፍሉን፣ ውሃውንና መጸዳጃውን ይቈጥራል፤ እናትና ልጅ በስንት ደቂቃ መንገድ እንደሚገናኙ ግን አይጽፍም። ደራስያኑ በ1953 የጠየቋቸውን ቤተ ሰቦች በ1955 ተመልሰው መጠየቃቸውም «ጊዜ ሲያልፍ ይለምዱታል» የሚለውን መልስ አዳክሞታል።

ጉድለቱም ቀላል አይደለም። በግሪንሊ የተጠየቁት ባልና ሚስት 47 ጥንዶች ሲሆኑ፣ ሁሉም ትናንሽ ልጆች ያሏቸው ነበሩ። ስለዚህ ጥናቱ የሚመሰክረው ስለ አንድ የዕድሜ ክፍል ነው። እናት በአጠገቧ የሌለቻት ሴት ወይም ከዘመድ ዓይን ለመራቅ የፈለገ ሰው ድምፁ በመጽሐፉ ጎልቶ አይሰማም። ከሰፈሩ ከወጡትም ብዙዎቹ ለልጆቻቸው ሲሉ ወደው መሄዳቸውን መጽሐፉ ራሱ ይናገራል። ጄኒፈር ፕላት በ1971 ባወጣችው ሒስ የእነያንግን ምርምር ዘዴና ማስረጃ በጥብቅ መርምራለች። እንግዲህ ከዚህ ጥናት «ሰው ከሰፈሩ አይነቃነቅ» የሚል ፍርድ አይወጣም። ጸንቶ የሚቆመው ምክር ግን፣ የሚታደሰው ቤት ይታደስ፣ መዛወር ግድ ሲሆንም ዘመድና ጎረቤት ተያይዞ ይዛወር የሚለው ነው።

የለንደንን ትምህርት ወደ አዲስ አበባ ሲያመጡት ጥንቃቄ ያሻል። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል፤ በቤትናል ግሪን ዘመዱም ጎረቤቱም ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነበር። በአዲስ አበባ ሰፈር ግን ከልዩ ልዩ አገር የመጣውን ነዋሪ የሚያስተሳስረው ከዝምድና ይልቅ ዕድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2005 ገደማ ጀምሮ የተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ለተመዝጋቢዎች በዕጣ ሲታደሉ፣ ዕጣው የሚያውቀው አንዱን አባወራ ወይም እማወራ እንጂ አብሮ የኖረውን ጎረቤት አይደለም። ስለዚህ ለፕላን አውጪው የሚጠቅመው የዕድርን ደግነት የሚያወድስ ጽሑፍ አይደለም። የሚጠቅመው ከተዛወሩት ስንቶቹ ለአሮጌው ዕድር መክፈላቸውን እንደ ቀጠሉ፣ ስንቶቹ በአዲሱ ሕንጻ ሌላ እንዳቋቋሙ፣ ስንቶቹስ ያለ ድንኳንና ያለ ቀባሪ እንደ ቀሩ የሚቈጥር ጥናት ነው። የመጀመሪያው ቈጠራም ቤቱ ሳይፈርስ መደረግ አለበት፤ ከፈረሰ በኋላ የሚጻፍ ጥናት ለታሪክ ይጠቅማል እንጂ ለዚያ ሰፈር ሰው አይደርስለትም።