የገዛ አገር ታሪክና ተዋናዩ፤ ስለ አቶ ደበበ እሸቱና ስለ አንቶኒ ኵዊን የቀረበ አስተያየት

ስለ ሲኒማ በሚጻፈው ሁሉ ስለ ተዋናይ ችሎታ ብዙ ይነገራል፤ ተዋናዩ የማንን ታሪክ እንዲጫወት እንደ ተፈቀደለት ግን እምብዛም አይጠየቅም። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመመርመር የተነሣነው ይህን ሁለተኛውን ጥያቄ ነው። መነሻ ያደረግነው እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣውን «ሻፍት በአፍሪካ» የተባለውን ፊልምና በውስጡ የተጫወቱትን ኢትዮጵያዊ ተዋናይ አቶ ደበበ እሸቱን ነው። ለማነጻጸሪያም በሜክሲኮ የተወለደውን አንቶኒ ኵዊንን መርጠናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማቆማችን በዝና እኩል ናቸው ለማለት ሳይሆን፣ ለእያንዳንዳቸው የተከፈተውንና የተዘጋውን በር ለይቶ ለማየት ነው።

አስቀድመን መለኪያችንን እንግለጽ። በአዋሽ ሸለቆ፣ በአፋሮች ዘንድ፣ «ዳጉ» የሚባል የቆየ ልማድ አለ። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ሰላምታ ተለዋውጠው ይቀመጡና ስለ ዝናብና ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሰላምና ስለ ጠብ፣ በመጡበት አገር ያለውን ሁሉ በየተራ ይነጋገራሉ። ወሬ አምጪው በዓይኑ ያየውን ከሌላ ከሰማው ለይቶ መናገር አለበት፤ ወሬ ያጣመመ ሰው ከዚያ በኋላ አይታመንም። ፊልምም ከሩቅ አገር ወሬ ይዞ የሚመጣ መንገደኛ ነውና በዚሁ ሚዛን ቢመዘን አግባብ ይመስለናል፤ አይተሃል ወይስ ሰምተሃል? ከማንስ ሰማህ? ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል።

አንቶኒ ኵዊን እ.ኤ.አ. በ1915 ሜክሲኮ በአብዮት ስትታመስ በችዋዋ ከተማ ተወለደ። ልጅነቱን ድንበር ተሻግሮ በአሜሪካ በድህነት አሳለፈ። ወደ ሲኒማ ሲገባ በመጀመሪያ የተሰጡት የወንበዴና የቀይ ሕንድ ክፍሎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1952 በወጣው «ቪቫ ዛፓታ» በተባለው ፊልም የሜክሲኮው አብዮተኛ የኤሚሊያኖ ዛፓታ ወንድም ሆኖ ተጫወተና ኦስካር ተሸለመ፤ በሜክሲኮ ከተወለዱት ተዋንያን ይህን ሽልማት በማግኘት የመጀመሪያው እሱ ነው። ነገር ግን አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይበል። በዚያው ፊልም ዛፓታን ራሱን የተጫወተው ማርሎን ብራንዶ የተባለው አሜሪካዊ ነበር። የሜክሲኮው ልጅ በገዛ አገሩ ታሪክ ውስጥ ወንድም ሆኖ እንዲቆም ተፈቀደለት፤ ጀግናው ግን ለሌላ ተሰጠ።

ከዚያ በኋላ ኵዊን የሌሎችን ሕዝቦች መልክ በመልበስ ስሙን ተከለ። በ«ላ ስትራዳ» የጣልያን አገር ዘዋሪ ትርኢተኛ፣ በ«ሎረንስ ዘ አረቢያ» የበዳዊ አለቃ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 በወጣው «ዞርባ» ግሪካዊ ሆነ። ከሁሉም ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው «የበረሃው አንበሳ» ነው። በዚህ ፊልም የሊቢያውን አርበኛ ዑመር ሙኽታርን ይጫወታል። ከፊቱ የቆመው ጠላት ግራዚያኒ ነው፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ለወረደው እልቂት ስሙ የሚነሣው ያው ግራዚያኒ። ኵዊን ዑመርን ሲጫወት አይፎክርም፤ መነጽሩን አድርጎ ልጆችን ቁርዓን የሚያስተምር አዛውንት ሆኖ፣ በዝግታ እየተናገረ፣ ጽናቱን በዝምታው ያሳያል። ዑመር ከተሰቀለ በኋላ አንድ ሕፃን መነጽሩን ሲያነሣ የሚታየው ክፍል ከብዙ ንግግር የበለጠ ይናገራል። ስለዚህ ባዕድ የባዕድን ታሪክ በሚገባ ሊጫወት አይችልም ብለን አንከራከርም።

ሆኖም የዚሁ ፊልም አዘጋጅ፣ ሶርያዊው ሙስጠፋ አል አቃድ፣ ከዚህ ቀደም ብሎ የሠራው ሥራ ጥያቄውን በሌላ ወገን ያሳየናል። እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣውና የእስልምናን አጀማመር የሚተርከው «መልእክቱ» የተባለው ፊልም በእንግሊዝኛና በዐረብኛ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል። በእንግሊዝኛው ሐምዛን የሚጫወተው ኵዊን ነው፤ በዐረብኛው ግን ግብፃዊው ዐብደላ ጌስ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ወደ ሐበሻ መጥተው ንጉሡ ነጃሺ ሲቀበላቸው የሚያሳየው ክፍል በዚህ ፊልም ውስጥ ስላለ ነገሩ ከእኛም ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። አል አቃድ ለዓለም ገበያ የታወቀ ፊት እንደሚያስፈልገው ዐውቋል፤ የታሪኩ ባለቤቶች ግን ታሪካቸውን በገዛ ቋንቋቸውና በገዛ ተዋንያናቸው እንዲያዩ ድርብ ድካም ደክሟል። ይህን ድካም እንደ ትልቅ አብነት እንቈጥረዋለን።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አቶ ደበበ እሸቱ በሃንጋሪ አገር ትያትር ተምረው የመጡ፣ በአማርኛ መድረክ ስማቸው የገነነ፣ በሀገር ፍቅር ትያትር ቤትም ያገለገሉ ሰው ናቸው። የትውልዳቸው ባልደረባ የሆነው ወጋየሁ ንጋቱም የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» በኢትዮጵያ ሬዲዮ በመተረክ ድምፁን ከትያትር ቤት ውጭ ላለው ሕዝብ አድርሷል። አቶ ደበበ ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላ ከቅንጅት መሪዎች ጋር ታስረው በ1999 ዓ.ም. ተፈትተዋል። እንግዲህ ዕውቀትም፣ ልምድም፣ ራሱ ታሪክ የሚሆን ሕይወትም ያላቸው ሰው ነበሩ ለማለት ይቻላል።

የአሜሪካ ሲኒማ ለእኒህ ሰው ምን ሰጠ? «ሻፍት በአፍሪካ» በጆን ጊለርሚን አዘጋጅነት ከፊሉ በኢትዮጵያ ውስጥ የተነሣ ነው። ሪቻርድ ራውንድትሪ የሚጫወተው የኒው ዮርኩ መርማሪ ሻፍት አፍሪካውያን ወጣቶችን በማታለል ወደ ፈረንሳይ እየወሰደ እንደ ባሪያ የሚያሠራን ቡድን ለመያዝ የአገሩን ሰው መስሎ ይጓዛል። አሚሩን የተጫወተው ከጋያና የመጣው ሳይ ግራንት ነው። «ዓለሜ» የሚል ስም የተሰጣትን ልጁን የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ቮኔታ መጊ ናት። የአሚሩም ጎሣ «ማንታ» የሚባል፣ በምድራችን የሌለ ፈጠራ ነው። አቶ ደበበ የደረሳቸው የአጋርነት ክፍል ነበር። ዛፓታ ለብራንዶ፣ ወንድሙ ለኵዊን እንደ ተሰጠ ሁሉ፣ በኢትዮጵያም ምድር ላይ ዋናው ለእንግዳው፣ ረዳትነቱ ለባለ አገሩ ሆነ። ልዩነቱ፣ ለኵዊን ከዚያ በኋላ የዓለም በር መከፈቱ ነው፤ ለአቶ ደበበ ግን የአሜሪካ ሲኒማ እንዲህ ያለ በር አልከፈተላቸውም።

የተዋናይ ምርጫው ጉድለት በታሪኩም ላይ ይታያል። ፊልሙ የሴት ልጅ ግርዛትን የመሰለ ከባድ ጉዳይ ያነሣል፤ ነገር ግን ጉዳዩን የሚፈታው በመንገደኛው ሻፍትና በዓለሜ የፍቅር ጨዋታ ነው። በአፋር ምድር ይህ ነገር የእናቶችና የሴቶች ልጆች እውነተኛ ሕመም መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንዲህ ባለው አፈታት ሊስቅ አይችልም። በዳጉ ሚዛን ሲመዘን ፊልሙ ያየውን ሳይሆን ሌላው የነገረውን፣ ይኸውም ከተረት የሰማውን ያወራል።

እዚህ ላይ የፊልሙን ጥቅም የሚያነሣ ሊኖር ይችላል። ጥቁር ጀግና በዓለም ሲኒማ ብርቅ በነበረበት ዘመን ጥቁር ሰው ባርነትን ሲያሸንፍ ማሳየቱ ቀላል ነገር አይደለም፤ ይህን እንቀበላለን። ነገር ግን ፊልሙ በወጣበት ጊዜ አካባቢ ኃይሌ ገሪማ ከአገሩ ገበሬዎች ጋር ሆኖ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም በአማርኛ ሠርቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ለዓለም ታይቷል። በዚያ ሥራ እንግዳ ጀግና የለም። ባላባቱም፣ ጭሰኛውም፣ መሬቱን የተቀማውና እንደ እብድ የሚቈጠረው ሰውም የአገሩ ሰዎች ናቸው። ገንዘቡ እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ ወሬው ግን የታመነ ነው። ስለዚህ ባለ አገሩን በመካከል ማቆም የማይቻል ነገር አልነበረም።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው የአምሳ ዓመት ፊልም ለመውቀስ ብቻ አይደለም። ከአዋሽ ሰባት የሚነሣው መንገድ በገዋኔና በሚሌ አድርጎ፣ በሎግያና በሰመራ አልፎ፣ በጋላፊ ወደ ጅቡቲ ይወጣል። በዚህ መንገድ ከሚያልፉት ብዙ ጭነት መኪናዎች ጎን በደላላ ተስፋ ተታለው ወደ ኦቦክ ጠረፍ፣ ከዚያም ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ለመሻገር በእግር የሚጓዙ ወጣቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሚያዝያ ወር ብቻ በጅቡቲ ጠረፍ ሁለት ጀልባዎች ሰጥመው ብዙ ስደተኞች አልቀዋል። «ሻፍት በአፍሪካ» ለመዝናኛ የፈጠረው ነገር ዛሬ በዚህ ሸለቆ በየቀኑ የሚታይ እውነት ሆኗል። በእውነተኛው መንገድ ላይ ግን ከኒው ዮርክ የሚመጣ መርማሪ የለም። ውኃ የሚያቀብለው የመንደሩ ሰው ነው፤ ዱካቸውን የሚያውቀውም ግመል ጠባቂው አፋር ነው።

ይህ ታሪክ አንድ ቀን ፊልም መሆኑ አይቀርም። ሲሠራ አፋሩ የመንገድ መሪ ሆኖ ከኋላ እንዲቆም፣ ስደተኛውም ስም የሌለው ብዛት ሆኖ እንዲታይ ከተደረገ ያው የዛፓታ ወንድም ታሪክ ይደገማል። በሰመራ ዩኒቨርሲቲ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን የመንገደኞቹንና የመንደሩን ሰው ቃል ዛሬውኑ በአፋርኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ መሰብሰብ ቢጀምሩ ለነገው የፊልም ደራሲ ያየውን የሚናገር ምስክር ያዘጋጁለታል። መምህራኖቻችንም በትያትር ትምህርት የአቶ ደበበን የመድረክ ሥራ ከሆሊውዱ ክፍላቸው አስቀድመው እንዲያስተምሩ እንለምናለን፤ ተዋናዩ በገዛ ቋንቋው መካከለኛውን ቦታ ይዞ የቆመው በዚያ ነውና።