ከስድስት ኪሎ እስከ ጊዮርጊስ፣ በእግር

ሥራ ከጀመረች ገና ዓመት ያልሞላት አንዲት አስጎብኚ በቀደም ዕለት አንድ ጥያቄ አቀረበችልኝ። «ጋሼ፣ በሁለት በረራ መካከል ግማሽ ቀን ብቻ ያለው እንግዳ ሲሰጠኝ የትኛውን ልተውለት?» የያዘችው ወረቀት ላይ እንጦጦ፣ ብሔራዊ ሙዚየም፣ ሥላሴ፣ አንድነት ፓርክ፣ መርካቶ፣ በመጨረሻም ቡና ተሰልፈዋል። ከመሥሪያ ቤቷ የተሰጣት ፕሮግራም ነው። «ዝርዝሩን ተይውና አንድ መንገድ ያዢ» አልኳት። መልሴ አላጠገባትም። እውነቷን ነው፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

በሙያችን የግማሽ ቀን ጉብኝትን በመኪና ዙር የሚሠሩት ይበዛሉ። ክርክራቸውን አውቀዋለሁ። እንግዳው ሁለተኛ ላይመለስ ይችላል፣ ስለዚህ የሚታየው ሁሉ ይታይለት፣ ፎቶውንም ያንሳ ይላሉ። እኔ ግን እስቲ ሰዓቱን ቁጠሩት እላለሁ። ግማሽ ቀን የሚባለው በወረቀት ላይ ስድስት ሰዓት ነው። ከዚያ ላይ ከቦሌ መውጫው፣ መመለሻው፣ ለፍተሻ ቀድሞ መድረሱ ሲቀነስ በእጅ የሚቀረው ቢበዛ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያች ሰዓት እንጦጦ ወጥቶ ወርዶ፣ መርካቶ ገብቶ ወጥቶ፣ መስቀል አደባባይ ላይ መንገድ ቢዘጋበትስ? እንግዳው ያየው የሚኒባስ መስኮትና የሹፌሩን ጀርባ ነው። ከተማችንን እንደዚያ አድርጎ ማሳየት ለእንግዳውም ለከተማውም ክብር አይሆንም።

የእኔ መንገድ ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ በአምስት ኪሎ፣ በአራት ኪሎና በራስ መኮንን ድልድይ አልፎ ፒያሳ ጊዮርጊስ ላይ ያበቃል። ሦስት ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ በእግር ይሄዱታል። ከላይ መጀመሬ ያለ ምክንያት አይደለም። ስድስት ኪሎ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትርን ያልፋል። ከሌጎስ ወይም ከዱባይ ያደረ ሰው ሳንባው አልለመደውም፣ ሌሊቱንም አልተኛም። እስከ ድልድዩ ድረስ አብዛኛው ቁልቁለት ስለሆነ እያወራ ይወርዳል። ዳገቷ ከድልድዩ ወደ ፒያሳ ያለችው ብቻ ናት፤ እሷን ስንደርስ ደግሞ ቡና ቅርብ ነው።

የመንገዱ ትልቁ ነገር ግን ሦስቱ አደባባዮች ናቸው። የካቲት 12፣ ሚያዝያ 27 እና ምኒልክ አደባባይ፤ በሌላ አነጋገር 1929፣ 1933 እና 1888 ዓ.ም.። በአንድ ከተማ ውስጥ፣ በአንድ ጠዋት በእግር በሚያልቅ መንገድ ላይ፣ የአንድ ሀገርና የአንድ ጠላት፣ የጣሊያን፣ ታሪክ እንዲህ ተደርድሮ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አላውቅም። እንግዳው ከአዲስ አበባ አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ ከሆነ ይህን ይዞ ይሂድ።

አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ በዚህ አይስማማም። እሱም መንገዱን ይወደዋል፤ ጠባችን በቅደም ተከተሉ ነው። «ታሪክ ከመጀመሪያው ይነገራል፤ ከዓድዋ ጀምረህ ወደ ላይ ውጣ» ይለኛል። ዳገቱን ለጊዜው እንተወው። ከዓድዋ የጀመረ እንግዳ ምኒልክን በፈረስ ላይ ሲያይ የሚያየው አንድ ተጨማሪ ንጉሥ በፈረስ ላይ ነው፤ እንዲህ ያለ ሐውልት በየሀገሩ አለ። ከየካቲት 12 የጀመረ ሰው ግን ፈረሱ ዘንድ ሲደርስ ጥያቄ ይዞ ይደርሳል። ጣሊያኖች ይህን ከተማ ለምን እንደዚያ ጠሉት? ከአርባ ዓመት በፊት የሆነ ሽንፈት ምን ያህል ቢያንገበግባቸው ነው? ያን ጊዜ ሐውልቱ ራሱ ይመልስለታል።

የካቲት 12 ሐውልት ዘንድ እንግዳዬን አላጣድፍም። የነሐሱን ቅርጻ ቅርጽ በዙሪያው እየተራመደ በዝግታ እንዲያየው እተወዋለሁ። ብዙ አስጎብኚዎች ከመኪና ሳይወርዱ በጣት አሳይተው የሚያልፉት ቦታ ነው፤ ይህን ሳይ ሆዴ ይቃጠላል። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ባለው ግቢ፣ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የሀገሩን ልዑል መወለድ ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት ሊሰጥ ሕዝብ ሰብስቦ ነበር። ከኤርትራ የመጡ ሁለት ወጣቶች፣ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም፣ ቦምብ ወረወሩበት። ግራዚያኒ ቆሰለ እንጂ አልሞተም። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ በከተማው ሕዝብ ላይ የደረሰው ጭፍጨፋ ነው ነሐሱ ላይ ያለው። የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው የሟቾች ቁጥር 30,000 ነው፤ ጉዳዩን ለዓመታት ያጠናው ኢያን ካምፕቤል ወደ 19,000 ያደርሰዋል። ሁለቱንም ቁጥር እናገራለሁ። ከሁለቱ አንዱን መርጦ ሌላውን መደበቅ የአስጎብኚ ሥራ አይደለም።

ቀጥሎ ግቢው ውስጥ እንገባለን። በር ላይ መታወቂያ ይጠየቃል፤ እንግዳው ፓስፖርቱን ይያዝ። ከቤተ መንግሥቱ ፊት ለፊት ሰማይን የሚያመላክት ጠመዝማዛ ደረጃ ቆሟል። ጣሊያኖች ፋሺዝም ሥልጣን ላይ የቆየበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ ደረጃ እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ ደረጃው አልፈረሰም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። ይህን ለማስረዳት ቋንቋ አያስፈልግም፣ ማየት ይበቃል። ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲው ሰጡት። ዛሬ በውስጡ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ፤ የጃንሆይ መኝታ ክፍልም እንደነበረ ተጠብቋል።

አንድ ከሌጎስ ወደ ጓንግዡ የሚመላለስ ነጋዴ ትዝ ይለኛል። ለዓመታት በቦሌ ሲያልፍ ከትራንዚት ሆቴሉ በቀር ያየው አልነበረም። ነጋዴ ነውና ልቡ መርካቶ ላይ ነበር፤ አግባብቼ ስድስት ኪሎ አመጣሁት። ሐውልቱን ዞሮ ሲጨርስ የሁለቱን ወጣቶች ስም አስደግሞ ጠየቀኝና፣ ፊደል በፊደል እያስነገረኝ በስልኩ ላይ ጻፈው። ከዚያ በኋላ ስለ መርካቶ አላነሳም። በሚቀጥለው ጉዞው ደውሎልኝ «ዛሬ ሙሉ ቀን አለኝ» አለኝ፤ መርካቶም ያን ቀን ሄድን።

ስለ መርካቶ ካነሣሁ አይቀር የማምንበትን ልናገር። መርካቶ ለግማሽ ቀን እንግዳ አይሆንም። የሚሸጠው የሚሸጥበት፣ የሚሸከመው የሚሸከምበት የሥራ ቦታ ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ጠዋት ሰጥተው፣ ምናለሽ ተራን ከሸማ ተራ ለይተው፣ ከአንድ ነጋዴ ዘንድ ተቀምጠው ካላወሩ በቀር እዚያ መግባት ሰው በሥራው ላይ እያለ ፎቶ ከማንሣት አያልፍም። እንጦጦም ቢሆን ሙሉ ቀን ያለው ይሂድበት። የማርያም ቤተ ክርስቲያኑ፣ የምኒልክ ግቢው፣ ጫካው በሩጫ አይታይም።

ብሔራዊ ሙዚየም በመንገዳችን ላይ ስላለ እንገባለን፤ ግን ለድንቅነሽ ብቻ። ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖረች፣ በኅዳር 1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ የተገኘች፣ ቁመቷ የልጅ የሚያህል ናት። በመስታወቱ ውስጥ የምትታየው ቅጂዋ መሆኗን ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ። ሰላምንም፣ ከዲኪካ የተገኘችውን ሕፃን፣ እናያለን፤ ከዚያ እንወጣለን። ፎቆቹን ለሌላ ጊዜ።

አራት ኪሎ፣ ሚያዝያ 27 አደባባይ ላይ የምነግራቸው አንድ ቀን ነው። የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ የገባው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ነበር፤ ጃንሆይም ልክ በአምስተኛ ዓመቱ፣ በዚያው ቀን ገቡ። ደርግ የድል በዓሉን ወደ መጋቢት 28፣ ከተማው ከጣሊያን እጅ ወደወጣበት ዕለት፣ አዙሮት ነበር፤ ኋላ ወደ ሚያዝያ 27 ተመለሰ። ለአንድ ከተማ ነፃ መውጣት ሁለት ቀን መኖሩ እንግዶችን ሁልጊዜ ያስገርማቸዋል፤ ከሐውልቱ ድንጋይ ይልቅ ይህ ወሬ ይይዛቸዋል። ሥላሴ ካቴድራል እዚያው ቅርብ ነው። ከጃማይካና ከካሪቢያን ደሴቶች የሚመጡ እንግዶች ካሉኝ ሌላውን አሳጥሬ እወስዳቸዋለሁ፤ እነሱ የጃንሆይን መቃብር ሳያዩ ቢመለሱ በደል ነው። ለሌላው ግን ከውጭ አሳይቼ አልፋለሁ።

ከድልድዩ በላይ ያለው ፒያሳ የለመድኩት ፒያሳ አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ዶሮ ማነቂያና በዙሪያው የነበሩት አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ስንት ታሪክ የምነግርባቸው በረንዳዎች ነበሩ። ዛሬ በቦታው ሰፊ መንገድ፣ ሰፊ የእግረኛ መሄጃና በዚያው ዓመት የካቲት ላይ የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። የእግረኛ መንገዱ ለእኔ ዓይነቱ ጉብኝት እንደሚመች አልክድም። የቤቶቹ መፍረስ ግን ያሳዝነኛል፤ እንግዳ ሲጠይቀኝም እንደሚያሳዝነኝ እነግረዋለሁ። ቶሞካ ቡና ቤት ግን አለ፤ ማኪያቶውን ቆመን ጠጥተን እንቀጥላለን።

በ1923 ዓ.ም. በጃንሆይ የንግሥ በዓል ዋዜማ የተመረቀውን የምኒልክን ሐውልት ጣሊያኖች ከተማዋን እንደያዙ አውርደው ቀበሩት። ከነፃነት በኋላ ተቆፍሮ ወጥቶ ቦታው ላይ ቆመ። ከኋላው ያለው የጊዮርጊስ ካቴድራል ደግሞ ስምንት ማዕዘን ነው፤ ታቦቱ ዓድዋ ዘምቷል፣ ድሉም በጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23፣ ሆነ። ይህ ቤተ ክርስቲያን በእነዚያው የየካቲት 1929 ቀናት በፋሺስቶች ተቃጥሏል። ከላይ ስድስት ኪሎ ላይ ያየነው እሳት እዚህ ድረስ ወርዷል ማለት ነው። እንግዳው ይህን ሲሰማ ዞር ብሎ የመጣበትን መንገድ ያያል። እኔም ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን የማልለውጠው።

አያቴ ያደገችው ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። ታላቅ ወንድሟ በዚያ ሳምንት ከቤት እንደወጣ ቀረ፤ አስከሬኑም አልተገኘም። በየካቲት 12 ሐውልት አጠገብ በአውቶቡስ ስናልፍ እንኳ ነጠላዋን አጣፍታ አንገቷን ትደፋ ነበር። ምን እንደሆነ ስጠይቃት «ወንድሜ ነው» ትለኝ ነበር እንጂ ሐውልት ነው ብላኝ አታውቅም። ይህን ሙያ ስይዝ የተማርኩት በትምህርት ቤት ነው፤ ማስጎብኘት ምን እንደሆነ ግን ከእሷ አውቄዋለሁ ብዬ አስባለሁ። የሰው መቃብር አጠገብ ስታልፍ ትቆማለህ። ባዳ እንኳ ቢሆን አብሮህ እንዲቆም ትጠይቀዋለህ። እስከ ዛሬ እምቢ ያለኝ እንግዳ የለም።

መንገዱን የምተወው ጥር 11 ቀን ብቻ ነው። ያን ዕለት ጃን ሜዳ ከስድስት ኪሎ በእግር ቅርብ ሆኖ ሌላ ቦታ መሄድ ሞኝነት ነው። ክረምት አያግደኝም፤ በሐምሌና በነሐሴ ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ጀምረን እንጨርሳለን። እግሩ የማይችል እንግዳ ካለኝ መኪና ከአደባባይ አደባባይ ያደርሰዋል፤ መስመሩ ግን ያው ነው።

አሁን የምለምነው የውጭ እንግዳን አይደለም። እዚሁ ተወልደው አድገው፣ በየካቲት 12 አደባባይ በታክሲ ሺህ ጊዜ አልፈው፣ አንድ ቀን ወርደው ነሐሱን ያላዩ የአዲስ አበባ ልጆች ብዙ ናቸው። ከአሜሪካና ከዓረብ ሀገር ለዕረፍት መጥተው ቦሌና ሠርግ ቤት መካከል ከርመው የሚመለሱም አሉ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ስድስት ኪሎ ውረዱ፤ ቅርጻ ቅርጹን ዙሩት፣ ደረጃውን አሳዩአቸው፣ ከዚያ በእግር እስከ ጊዮርጊስ ሂዱ። የአብርሃንና የሞገስን ስም በመንገድ ላይ ንገሯቸው።