«አነጋገረ»፦ ግሱና የሂስ ሚዛን

ስለ መጻሕፍት በሚቀርቡ ሂሶች «አነጋጋሪ» የሚለው ቃል ዘወትር እንደ ምስጋና ሲያገለግል ይታያል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ቃሉ የወጣበትን ግስ መርምሮ፣ በሂስ ውስጥ ሊሸከም የሚችለውንና የማይችለውን ፍርድ መለየት ነው።

«ነገረ» ከሚለው ግስ «ተናገረ»፣ «ተነጋገረ»፣ «አነጋገረ» ይረባሉ። የመጨረሻው ሁለት አገባብ አለው። «ሹሙ ባለጉዳዩን አነጋገረ» ሲባል ባለቤቱ ራሱ የንግግሩ ተካፋይ ነው። «መጽሐፉ አገር አነጋገረ» ሲባል ግን ባለቤቱ ዝም ብሏል፤ የሚናገሩት ሌሎች ናቸው። እንግዲህ ግሱ በዚህኛው አገባቡ የሚመሰክረው ስለ ተደራሲው ሁኔታ እንጂ ስለ ሥራው ደረጃ አይደለም። «ገነነ» ከዚህ ይለያል፤ ትልቅነትን ለባለቤቱ ለራሱ ይሰጣል። ያም ሆኖ ከዚያው ሥር «አጋነነ» መውጣቱን ልብ ይሏል።

የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ልብ ወለዱ በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በየካቲት 1976 ዓ.ም. የደረሰበት ጠፋ። መጽሐፉ አገር ማነጋገሩ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ያነጋገረው ምኑ ነው? እገዳው ነው? የደራሲው ዕጣ ነው? ገጸ ባሕርያቱ የእነማን አምሳል ናቸው የሚለው ግምት ነው? ወይስ የቀይ ኮከብ ዘመቻ አሥመራ ያደረሰው ጋዜጠኛ፣ ጸጋዬ ኃይለ ማርያም፣ በግዳጁና በኅሊናው መካከል ሲዋልል የተሣለበት አተራረክ? የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለታሪክ አጥኚ ከባድ ቁም ነገሮች ናቸው፤ ሐያሲው ግን አራተኛውን ሳይመረምር ካለፈ የመጽሐፉን ዕጣ እንጂ መጽሐፉን አልሄሰም። ደራሲውንም ሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘት ይሆናል።

በአንጻሩ በ1962 ዓ.ም. የወጣው የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» የገበያ ወሬ ሳይሆን የጥናት ክፍል ክርክር ሆኖ ዘልቋል። ያከራከረውም ቋንቋውና የአተራረክ ስልቱ ነው። መለኪያችን የተናጋሪው ብዛት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህ ሥራ ከሚዛኑ በወደቀ ነበር።

ስለዚህ «አነጋገረ» ከሂሳችን ይውጣ ማለት አይደለም። ግሱ ተሳቢ ይሻል፤ «ማንን?» እና «ስለ ምን?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። ለነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያላዘጋጀ ሐያሲ ወሬ ነገረን እንጂ ፍርድ አልሰጠንም።